የሌዘር ቆረጣችን እንዴት እንደተስተካከለ፦ ከኮምቦልቻ ወርክሾፕ የተጻፈ

ደሴ ላይ ለ11 ዓመታት በብየዳ ሥራ ከቆየሁ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድሜና ከአንድ የልጅነት ጓደኛችን ጋር ያጠራቀምነውን አዋጥተን፣ የጎደለውን ተበድረን፣ ባለ 3 ኪሎዋት የፋይበር ሌዘር መቁረጫ (ብረትን በሌዘር ጨረር የሚቆርጥ ማሽን) ገዛንና ኮምቦልቻ ላይ ወርክሾፕ ከፈትን። ማሽኑ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ስለሆነ የእጅ ስህተት አይኖርም፣ ሥዕሉን ከሰጠነው የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል የሚል እምነት ነበረን። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ይህን እምነት ከነሥሩ ነቀሉት። ላሜራ አበላሽተናል፣ ደንበኛ አጥተናል፣ በወንድማማቾች መካከል ሊገባ የማይገባ ቃልም ተለዋውጠናል። ዛሬ ማሽኑ ያው ነው፣ ሠራተኞቹም እኛው ነን፤ የሚወጣው ሥራ ግን ሌላ ነው። በመካከሉ የተማርነውን የምጽፈው፣ አሁን በዚሁ መንገድ ላይ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ እኛ የከፈልነውን ያህል እንዳትከፍሉ ከልብ ስለምመኝ ነው።

ነገሩ የለየለት በአንድ የግቢ በር ነው። ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር አዲስ ቤት ያሠሩ አንድ ሀጂ፣ ከላይ እስከ ታች የሐረግ ጌጥ የተቆረጠበት ባለ 6 ሚሊሜትር ላሜራ ባለ ሁለት ክፍል በር አዘዙን። ቆረጥነው። ላሜራውን ስንገለብጠው በእያንዳንዱ ቅጠል ግርጌ ስላግ፣ ማለትም ቀልጦ ሳይወርድ የደረቀ የብረት ዝቃጭ፣ እንደ ሻማ ጠብታ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የሐረጉ ሹል ጫፎች ተቃጥለው ደንዝዘዋል፤ የቁርጡ ፊትም ሸካራ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በግራይንደርና በሞረድ ስናጸዳ ቆየን፤ ግራይንደሩም በበኩሉ የራሱን ጠባሳ ጨመረበት። ሀጂ መጥተው እጃቸውን በጌጡ ላይ ሲያሳልፉ፣ ሳናየው የቀረ ስላግ መዳፋቸውን ጫረው። አልተቆጡም። «አብሽር ልጄ፣ ሰው ሳያበላሽ አይማርም፤ ይህን ግን ቤቴ ላይ አልሰቅለውም» አሉኝ። ያን ቀን ማታ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ዝም ብለን ነበር የጠጣነው።

ስህተታችን ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ ዛሬ ሳስበው ከብየዳ ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። በያጅ ኤሌክትሮዱ አልቀልጥ ሲለው አምፔሩን ይጨምራል። እኛም ቁርጡ ስላግ ሲይዝ ኃይሉን ወደ 100 በመቶ ከፍ አደረግን፣ ያ አልበቃ ሲል ፍጥነቱን ቀነስን፣ ያም አልረዳ ሲል ከጨረሩ ጋር አብሮ የሚነፋውን የኦክስጅን ግፊት ጨመርን። ሦስቱም በተራ ነገሩን አባባሱት። ተራ ብረት በኦክስጅን ሲቆረጥ ጨረሩ ብቻውን አይደለም የሚሠራው፤ ብረቱ ራሱ ከኦክስጅኑ ጋር ተዋሕዶ ይነዳል፣ ከዚህ ንዳድ የሚወጣው ሙቀትም የሥራውን ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ስለዚህ ኃይል ሲበዛ፣ ፍጥነት ሲያንስና ኦክስጅን ሲትረፈረፍ እሳቱ ከጨረሩ መንገድ ወጥቶ በግራና በቀኝ ያለውን ብረት መብላት ይጀምራል። ቁርጡ ይሰፋል፣ ፊቱ ይሸክራል፣ ከግርጌው የሚንጠለጠለው ስላግም ይደነድናል። በተለይ የኦክስጅኑ ግፊት ያሞኘናል፤ ላሜራው በወፈረ ቁጥር ብዙ ግፊት የሚያስፈልግ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። እኛ ለ6 ሚሊሜትር ከ2 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ እንለቅ ነበር፤ አሁን 0.7 ባር ገደማ ይበቃናል።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ምልክት ለእኔ እንቆቅልሽ የነበረና በኋላ ሁሉን የከፈተ ነው። ጠዋት የሚቆረጡት የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች መልካም ነበሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራን በኋላ ቁርጡ ይበላሻል። ለምሳ አቁመን ስንመለስ እንደገና ጥቂት ደህና ቁራጮች ይወጣሉ፣ ከዚያ ያው ነው። ጓደኛችን «ማሽኑ ይደክመዋል» ይል ነበር፤ እኔም ማሽኑ ጉድለት ያለበት ሆኖ ተሸጦልናል ብዬ ሻጩን በልቤ እወቅስ ነበር። ችግሩ የነበረው ከሌንሱ በታች ባለው ትንሽ መከላከያ መስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ላይ የተቀመጠ ብናኝ ወይም የቅባት ጭጋግ የጨረሩን ጥቂት ክፍል ይውጥና ይሞቃል፤ መስታወቱ ሲሞቅ ብርሃን የሚሰበርበት መንገድ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ፎከሱ፣ ማለትም ጨረሩ ተሰብስቦ የሚጠብበት ነጥብ፣ እኛ ካስቀመጥንበት ቦታ ይንሸራተታል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የጠዋቱ ደህና፣ የረፋዱ መጥፎ የሆነው በዚህ ነበር። እናንተም ዘንድ ቁርጡ ሲጀምር አምሮ ቆይቶ የሚበላሽ ከሆነ፣ አንድም ቁጥር ሳትነኩ በፊት ይህን መስታወት አውጥታችሁ በብርሃን ፊት አዘንብላችሁ ተመልከቱት።

አወጣጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እኔ በችኮላ ሁለት አዳዲስ መስታወቶች አበላሽቻለሁ። የመጀመሪያውን አቧራ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለተኛውን በኮምፕሬሰር አየር ላጸዳ ብዬ ዘይት ረጭቼበት ነው። አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው፤ ማሽኑን አጥፍተን፣ በርና መስኮት ዘግተን፣ በአካባቢው ግራይንደር እንዳይሠራ አድርገን፣ እጃችንን ታጥበን ንጹሕ ጓንት እንለብሳለን። መስታወቱ እንደወጣ ክፍቱን ቦታ ወዲያውኑ በንጹሕ ፕላስተር እንሸፍናለን። ማጽዳት የሚቻል ከሆነ ውኃ በሌለው የአይሶፕሮፒል አልኮልና በንጹሕ የጥጥ ዘንግ ከመሐል ወደ ዳር አንድ ጊዜ ብቻ እናብሳለን፤ ጥቁር ነጥብ ከተቃጠለበት ግን አንለምነውም፣ እንቀይረዋለን። መስታወት ውድ ነው ብሎ የተቃጠለውን መልሶ ማስገባት ከሱ በላይ ያለውን እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ሌንስ አሳልፎ መስጠት ነው።

የሥራ መንገዳችንን የቀየሩልን ግን ሌዘር ነክተው የማያውቁ አንድ አረጋዊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ላይ ያሳለፉ፣ በከተማችን ብዙ ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ መጥተው እኔ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ስቀያይር ለረጅም ጊዜ ቆመው ካዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ አሁን ስንት ነገር ቀየርክ?» አሉኝ። «ሦስት፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ታዲያ ቢሻሻል ከሦስቱ የትኛው እንዳሻሻለው በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብተር እንድገዛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንድቀይር፣ የቆረጥኩትን ቁራጭ እንዳልጥልና ቁጥሩን በላዩ ላይ እንድጽፍበት ነገሩኝ። ከዚያ ያን የተበላሸ በር ገልብጠው ዙሪያውን በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ይህ ጠብታ ለምን በአንድ ወገን ብቻ በዛ? እኔ አምስት ወር ሙሉ ስላግ አየሁ እንጂ በየትኛው ወገን እንዳለ አላየሁም ነበር።

ስላጉ በአንድ ወገን ከበዛ ጨረሩ በኖዝሉ (ጨረሩና ጋዙ በሚወጡበት አፍ) ቀዳዳ መሐል እያለፈ አይደለም ማለት ነው። ጨረሩ ወደ አንድ ጎን ካደላ ጋዙ ቁርጡን በእኩል አይገፋውም፤ በአንድ አቅጣጫ ስትቆርጡ ያማረው በሌላ አቅጣጫ ይበላሻል። ፍተሻው ደቂቃ አይፈጅም። በኖዝሉ አፍ ላይ ፕላስተር ትለጥፉና በዝቅተኛ ኃይል አንዲት አጭር ጨረር ትለቃላችሁ፤ ፕላስተሩን ስታነሱት የኖዝሉ ክብ አሻራና የጨረሩ ቀዳዳ አብረው ይታያሉ። ቀዳዳው በክቡ መሐል ካልሆነ የማዕከል ማስተካከያ ብሎኖቹን ጥቂት ጥቂት እያዞራችሁ እስኪገጥም ትደግማላችሁ። የእኛ ቀዳዳ ክቡን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ኖዝሉም ራሱ አፉ ሞላላ ሆኖ አገኘነው፤ ከሳምንታት በፊት ተቆርጦ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቁራጭ ጋር ተጋጭቶ ነበር፣ እኛም «ደህና ነው» ብለን ቀጥለን ነበር። ከግጭት በኋላ የማይፈተሽ ኖዝል የለም። ስላጉ በሁሉም ወገን እኩል ሲሆን ግን ማዕከሉን ተዉትና ወደ ፎከስ፣ ወደ ፍጥነትና ወደ ግፊት ሂዱ።

በደብተሩ መሥራት ስንጀምር እሳቱን ማንበብ ተማርን። ከላሜራው ሥር የሚወጣው ፍንጣሪ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከተበተነ ፍጥነቱ ልክ ነው። ወደ ኋላ ተጎትቶ ካዘነበለ ፈጥናችኋል፤ ያን ጊዜ በቁርጡ ፊት ላይ ያሉት ሸንተረሮች ወደ ኋላ ይጎብጣሉ፣ ከታች በኩልም ብረቱ ሳይለያይ የሚቀርባቸው ቦታዎች ይኖራሉ። ፍንጣሪው አንሶ፣ ሳይበተን ተጠቃልሎ የሚወርድ ከሆነ ዘግይታችኋል። ለ6 ሚሊሜትሩ ላሜራ በደቂቃ ወደ 1.4 ሜትር ዝቅ አድርገነው የነበረው ፍጥነት፣ መስታወቱ ከጸዳና ኖዝሉ ከተስተካከለ በኋላ 2.4 ሜትር ላይ ተረጋጋ፣ ኃይሉም ከሙሉው ወደ 80 በመቶ ወረደ። እነዚህ የእኛ ማሽን ቁጥሮች ናቸውና በእናንተው ላይ እንዳለ አትጫኗቸው፤ አካሄዱን ውሰዱ። ቁርጥራጭ ላሜራ ላይ 10 ሳንቲሜትር የሚያህሉ መስመሮች አከታትላችሁ ቁረጡ፣ በየመስመሩ ፎከሱን በግማሽ ሚሊሜትር ብቻ እየለወጣችሁ፤ ከዚያ ሁሉንም ገልብጣችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ።

ፎከስን ካነሣሁ አይቀር፣ ለሁለት ዓይነት ብረት አንድ ፎከስ መጠቀማችንም ከባድ ጥፋት ነበር። በፋይበር ሌዘር ወፈር ያለ ተራ ብረት በኦክስጅን ሲቆረጥ ፎከሱ ከላሜራው ገጽ በላይ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሰፋ ያለ ቁርጥ ኦክስጅኑን ወደ ታች በደንብ ያስገባል። እስቴንለስ በናይትሮጅን ሲቆረጥ ግን ፎከሱ ከገጹ በታች፣ በብረቱ ውስጥ ይወርዳል፤ እዚያ ብረቱን የሚያነደው የለም፣ ጨረሩ ያቀልጣል፣ ከ10 ባር በላይ የሆነ ግፊት ያለው ጋዝም የቀለጠውን ገፍቶ ያስወጣል። ኖዝሉም ይለያል፤ ለኦክስጅን ባለ ሁለት ሽፋኑ፣ ለናይትሮጅን ባለ አንዱ። የእስቴንለሱ ፊት ብር የሚመስል ሆኖ ሲወጣ ሥራው ተሳክቷል፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ ኦክስጅን ከየት እንደገባ ፈልጉ፤ የጋዙ ንጽሕና፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ ያልጠበቀ መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አንድ ሰኞ ቁርጡ እንደገና ተበላሸ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ወደ ጥንቱ ግራ መጋባት እንመለስ ነበር። ቁጥሮቹ አልተነኩም፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ማዕከሉ ልክ ነው፤ የተለወጠው የኦክስጅኑ ሲሊንደር ብቻ ነበር። ዋጋው ቀነስ ስላለልን ከሌላ ቦታ ያስሞላነው ነው። የኦክስጅን ንጽሕና ለቆረጣ ወሳኝ ነው፤ ከ99.5 በመቶ በታች ሲወርድ ፍጥነቱ በግልጽ ይቀንሳል፣ ስላጉም ይመለሳል፤ ለሌዘር የሚመከረው እስከ 99.95 በመቶ የሚደርስ ነው። ለብየዳ የሚበቃ ሲሊንደር ለሌዘር ላይበቃ ይችላል። አሁን እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲመጣ የመጣበትን ቀንና ቦታ በጠመኔ እንጽፍበታለን፣ አንድ የሙከራ ቁራጭም እንቆርጥበታለን። በሲሊንደሩ ያተረፍነው ገንዘብ በዚያን ቀን ያበላሸነውን አንድ ላሜራ አይገዛም ነበር።

ስለ ኮምፕሬሰር የምናገረው በተለይ ለእኛ ለደጋና ለወይና ደጋ ሰዎች ነው፤ በማሽን መግዣ ወረቀት ላይ አታገኙትም። ቀጫጭን ላሜራዎችን በተጨመቀ አየር መቁረጥ የጋዝ ወጪ ስለሚቀንስ ብዙዎቻችን እንወደዋለን። እኛም የማሽኑ ወረቀት የጠየቀውን ልክ የሚያሟላ ኮምፕሬሰር ገዛን፤ ነገር ግን ረጅም ቁርጥ ላይ መጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ መጨረሻው ስላግ ይይዝ ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። በኮምቦልቻ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፣ በደሴ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ኮምፕሬሰሩ በየደቂቃው የሚስበው ይህን የሳሳ አየር ስለሆነ፣ ሲጨመቅ የሚገኘው መጠን ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በአምስት አንድ፣ ደሴ ላይ በአራት አንድ ያህል ያንሳል። ተጨማሪ የአየር ታንከርና ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ካስገባን በኋላ ነው የተገላገልነው። ስለዚህ ደሴ፣ ወልድያ ወይም ሌላ ከፍ ያለ ቦታ የምትከፍቱ ከሆነ ከወረቀቱ ከፍ ያለ አቅም ግዙ። ግፊቱንም ታንከሩ ላይ ሳይሆን ወደ መቁረጫው ጭንቅላት በሚገባበት ቦታ ለኩ፤ ቀጭን ቱቦ በመንገድ ላይ ብዙ ግፊት ይበላል። አየሩ ደረቅና ከዘይት የጸዳ ካልሆነ ያንኑ መከላከያ መስታወት የሚያጨልመው እሱ ነው፤ ማድረቂያና ጥሩ ማጣሪያ ሳታስገቡ በአየር አትቁረጡ፣ ታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃም በየቀኑ አፍስሱት።

ሐምሌ ደግሞ የራሱን ይዞ መጣ። አንድ ጠዋት የመቁረጫው ጭንቅላትና የማቀዝቀዣው ቱቦዎች እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ አልበው አገኘናቸው። የቺለሩን (ማሽኑን የሚያቀዘቅዘውን መሣሪያ) ውኃ 20 ዲግሪ ላይ አስቀምጠን ነበር፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ይሻላል ብለን። የክፍሉ አየር 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ከ21 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ዕቃ ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ይህ ጤዛ በሌዘሩ ምንጭ ወይም በሌንሱ ላይ ቢሆን ኖሮ ሥራችን እዚያው ያበቃ ነበር። አምራቹ በሚፈቅደው ወሰን ውስጥ የውኃውን ሙቀት በክረምት ከፍ አድርገን፣ የሌዘር ምንጩን ለብቻው በተዘጋ ደረቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጠን፣ ሥራ ስናቆም ቺለሩንም አብረን ማጥፋት ለመድን። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ሰቅለናል። መብራቱም ወጣ ገባ ስለሚል ያለ ስታቢላይዘርና ያለ ጥሩ የመሬት መስመር አንድ ቀን እንኳን መሥራት አይገባም፤ በዚህ ላይ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልገኝም፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የፈተነው ሥራ የሐይቅ ባለ ወፍጮ ያዘዙን ወንፊት ነው። በ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ባለ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሺዎች የሚቆጠር። እኔ ረድፉን ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲቆርጥ አዘዝኩት፤ ሲጨርስ ላሜራው እንደ ሰፌድ ጎብጦ ነበር። ሙቀቱ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ብረቱን ዘርግቶታል። በሁለተኛው ሙከራ ቀዳዳዎቹን እያራራቅን፣ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ፣ የቀረውን በኋላ እየተመለስን ቆረጥን፤ ኦክስጅኑንም ትተን በአየር አደረግነው፣ ያ ራሱ ሙቀቱን ብዙ ቀነሰው። ሙሉ በሙሉ ቀጥ አላለም፤ በመዶሻ ትንሽ ማስተካከል ነበረብን፣ ባለ ወፍጮው ግን ተቀበሉን። የቀዳዳው ስፋት ከላሜራው ውፍረት ባያንስ ይመረጣል፤ በወፍራም ብረት ላይ ከዚያ ያነሰ ቀዳዳ የሚጠይቃችሁ ደንበኛ ካለ ነጥቡን በሌዘር አመልክታችሁ በድሪል ብሱት።

በሹል ጥግ ላይ ያለው ቃጠሎም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ማሽኑ ጥግ ላይ ሲደርስ ለመዞር ይዘገያል፣ ኃይሉ ግን ባለበት ከቀጠለ ጥጉ ይበላል። ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ እንዲወርድ ማድረግ፣ ወይም ጥጉ ላይ ለአፍታ ቆሞ እንዲቀዘቅዝ ማዘዝ፣ ወይም የጥጉን ጫፍ በጥቂቱ ክብ ማድረግ ይቻላል። ወፍራም ላሜራ ሲበሳ የሚረጨው የቀለጠ ብረት ሥራውን እንዳይነካ መብሻው ሁልጊዜ በሚጣለው ክፍል ላይ ይሁን፣ ከዚያ በአጭር መግቢያ መስመር ወደ ቅርጹ ይግባ፤ ብሳቱንም በአንድ ምት ሳይሆን በደረጃ አድርጉት።

ስለ ላሜራው ራሱም አንድ ነገር ልበል። ክረምቱን ደጅ ያሳለፈ፣ ዝገቱ የተላጠና ያበጠ ላሜራ በምንም ቁጥር አያምርም። በሽቦ ብሩሽ አጽዱት፤ ቀለም ወይም ፕላስቲክ ካለው በዝቅተኛ ኃይል መጀመሪያ መንገዱን አቃጥላችሁ ከዚያ ቁረጡ። ከሥር የሚደግፉት የጠረጴዛው ጥርሶች በስላግ ሲሞሉ ፍንጣሪውን መልሰው ወደ ሥራው ግርጌ ይረጩታል፣ በየጊዜው ይጽዱ።

ስለ ጤና የምጽፈውን በጥሞና አንብቡልኝ። የፋይበር ሌዘር ጨረር ለዓይን አይታይም፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን እስከ ሬቲና (የዓይን የውስጥ ግድግዳ) ድረስ ዘልቆ ያቃጥላል፣ ያ ጉዳት አይመለስም። የብየዳ መነጽር ከዚህ አይከላከልም፤ ለዚያ የጨረር ዓይነት የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል። ወንድሜ ቁርጡን ቀረብ ብሎ ለማየት የማሽኑን በር መቆለፊያ አታሎ ሲሠራ ያገኘሁት ቀን እንደዚያ የተጣላነው መቼም አልነበረም፤ ዛሬ እሱው ራሱ ነው ሌላውን የሚከለክለው። ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ሲቆረጥ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። እኛ በያጆች ወተት እየጠጣን እንከላከለዋለን ብለን ስንኖር ቆይተናል፤ ወተት ሳንባ ውስጥ የገባውን ጭስ አያወጣም፣ የሚያድነው ጭሱን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያና ተገቢ ጭምብል ነው። የእስቴንለስ ጭስ ደግሞ ካንሰር የሚያመጣ የክሮምየም ዓይነት ስላለበት ከዚህም የከፋ ነው። የኦክስጅን ሬጉሌተርንና መጋጠሚያን በዘይት ወይም በግሪስ እጅ አትንኩ፤ ዘይትና ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይነዳሉ።

የሀጂን በር በድጋሚ የሠራነው ከመጀመሪያው ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ በራሳችን ላሜራ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ግራይንደር አልነካውም። ሲመጡ መጀመሪያ የዳሰሱት የጀርባውን ወገን ነበር፣ ከዚያ ዝም ብለው ልጆቻቸው በሩን እንዲጭኑ አዘዙ። የመጀመሪያው በር ዛሬም ወርክሾፓችን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ማሽኑን ከማስነካታችን በፊት እሱን ገልብጠን እናሳየዋለን፤ በነጭ ቀለም እያንዳንዱን ጥፋት ከብበን፣ ይህ ከመስታወቱ፣ ይህ ከኖዝሉ፣ ይህ ከግፊቱ ብለን ጽፈንበታል። ከታች በስተግራ ያለችውን አንዲት ቅጠል ብቻ አልጻፍንባትም፤ እሷን ሠራተኛው ራሱ አይቶ ምክንያቱን እንዲነግረን እንጠይቀዋለን።